የካይፌንግ በሮች

«ድካም» የሚለው ቃል በአማርኛችን ብዙ ሥራ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር የዋለ ይደክማል፤ ወር ሙሉ አልጋ ላይ የተኛም ይደክማል። ዕድሜያቸው የገፋ አዛውንት «ደክመዋል» ይባላሉ። ልፋትም ድካም ነው፤ ጉድለትም ድካም ነው። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ሲሸከም ግን የሚጎዳ ሰው አለ። «ደከመኝ» የሚለንን ሰው የትኛው ድካም እንደ ያዘው ሳንጠይቅ «አይዞህ፣ ትንሽ ዕረፍ» ብለን እናልፈዋለን። እሱም ጥፋቱ የራሱ ይመስለውና ዝም ይላል።

ለመሆኑ ድካም ራሱን የቻለ በሽታ ነው ወይስ የሌላ በሽታ ጥላ? ይህን ጥያቄ ይዤ መጻሕፍት ሳገላብጥ ከሁሉ ይልቅ ቀልቤን የሳበው የቻይናውያን የሕክምና ታሪክ ሆነ። ቻይንኛ አላነብም፤ ያነበብኩት ወደ እንግሊዝኛ የተመለሱትን ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ድካም ሁለት ሺሕ ዓመት ያህል የሐኪሞች መከራከሪያ ሆኖ እናገኘዋለን። ክርክሩ ደግሞ የቃላት ጨዋታ አልነበረም። አንድ ጊዜ፣ በአንድ ከተማ፣ የሰውን ድካም በሌላ በሽታ ስም መጥራት ስንት ነፍስ እንደሚያስከፍል ታይቷል። ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚያች ከተማና ከውስጧ ስለ ወጣ አንድ ሐኪም ነው። (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቢጫው ንጉሥ ጥያቄ

ከቻይና የሕክምና መጻሕፍት ሁሉ አንጋፋው «የቢጫው ንጉሥ የውስጥ መጽሐፍ» የሚባለው ነው። ሊቃውንት የተጠናቀረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛውና በአንደኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው ይላሉ። አጻጻፉ በጥያቄና መልስ ነው፤ በአፈ ታሪክ የሚታወቀው ንጉሥ ሁዋንግዲ ይጠይቃል፣ ቺ ቦ የተባለው ሊቅ ይመልሳል። የሚያስገርመው፣ ንጉሡ በመጀመሪያው ምዕራፍ ያነሣው ጥያቄ ስለ ቁስል ወይም ስለ ትኩሳት አለመሆኑ ነው። የጥንት ሰዎች መቶ ዓመት ኖረው ሳይዝሉ፣ የዛሬዎቹ ሃምሳ ሲሞላቸው የሚደክሙት ለምንድን ነው? የዘመኑ ነገር ይሆን ወይስ የሰዎቹ? ሊቁም የሰው አኗኗር ነው ብሎ ይመልሳል፤ የምግብና የመጠጥ ልክ ማጣት፣ የመተኛና የመነሣት ሰዓት መዛባት፣ ከአቅም በላይ መልፋት።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ማወቅ ያስፈልገናል፤ «ቺ»። ቃሉ ትንፋሽ፣ እንፋሎት፣ አየር፣ ኃይል የሚሉትን ትርጉሞች ባንድ ላይ ይይዛል። በቻይናውያን ሐሳብ ሰው የሚቆመው ቺ በሰውነቱ ሲዘዋወር ነው። ቺ ከምግብና ከአየር ይገኛል፤ በሥራ፣ በሐሳብና በኀዘን ይወጣል። ድካም እንግዲህ የገቢና የወጪ አለመመጣጠን ነው ማለት ነው። በላብራቶሪ ተለክቶ የታየ ቺ የለም። የገቢና የወጪው ስሌት ግን ደመወዝተኛ ለሆነ ሁሉ የሚገባ ነው።

ይኸው መጽሐፍ ዕረፍትንም በጭፍኑ አያወድስም። ብዙ መቆምና ብዙ መሄድ ሰውነትን እንደሚጎዱ ከዘረዘረ በኋላ፣ ብዙ መቀመጥና ብዙ መተኛትም የየራሳቸው ጉዳት እንዳላቸው ይጨምራል። ብዙ መተኛት የሚጎዳው ራሱን ቺን ነው ይላል። ቅዳሜና እሑድን አልጋ ላይ አሳልፎ ሰኞ የባሰ ደክሞት የሚነሣ ሰው ይህን ያውቀዋል።

የሁለት መጻሕፍት ዕጣ

በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሐን መንግሥት ሲፈርስ፣ ዛሬ የሄናን ጠቅላይ ግዛት በሚባለው አገር የናንያንግ ሰው የሆነ ጃንግ ጆንግጂንግ የተባለ ሐኪም ተነሣ። ራሱ በመቅድሙ እንደ ጻፈው ዘመዶቹ ከሁለት መቶ በላይ ነበሩ። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከሦስቱ ሁለቱ እጅ አለቁ፤ አብዛኞቹን የገደላቸውም «የብርድ ጉዳት» የሚባለው የትኩሳት በሽታ ነበር። ኀዘኑ መጽሐፍ አስጻፈው።

የጃንግ ጆንግጂንግ ሥራ በኋላ ዘመን ሁለት መጽሐፍ ሆኖ ደረሰን። አንዱ ስለ ብርድ ጉዳት ነው፤ ከውጭ የሚገባውን በሽታ በማላብ፣ በማስታወክና በማስቀመጥ እንዴት ማባረር እንደሚቻል ያስተምራል። በሌላው ውስጥ ደግሞ «ሹላኦ» ስለሚባል ነገር የሚናገር ምዕራፍ አለ። «ሹ» ባዶነት፣ ጉድለት ነው፤ «ላኦ» ልፋት ነው። በልፋት መጉደል እንበለው። በ610 ዓ.ም. ቻኦ ዩዋንፋንግ የተባለ የቤተ መንግሥት ሐኪም የበሽታዎችን ምክንያትና ምልክት የሚዘረዝር ትልቅ መጽሐፍ ሲያቀርብ ለሹላኦ ሰፊ ቦታ ሰጠው። ሰው በሐሳብም በኀዘንም እንደሚለፋ፣ ጭንቀትም እንደ ሸክም ጉልበት እንደሚጨርስ በዝርዝር አሰፈረ።

ይሁን እንጂ ሐኪሞች የሚሸመድዱት የብርድ ጉዳቱን መጽሐፍ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሰሜን ቻይና ስሙ የገነነው ጃንግ ጾንግጄንግ፣ በሽታ ከውጭ የገባ ጠላት ስለሆነ መጀመሪያ ማባረር እንጂ ሰውነትን ማጠንከር አይቀድምም እያለ ያስተምር ነበር። ሰውየው የተዋጣለት ሐኪም እንደ ነበር ይነገርለታል። ችግሩ መንገዱን ያለ ልክ የያዙት ናቸው። ትኩሳት ያለው ሁሉ ብርድ የመታው፣ ብርድ የመታው ሁሉ የሚላብና የሚያስቀምጠው ሆነ።

ከበባው

ሊ ጋኦ በ1180 ተወለደ። የብዕር ስሙ ሊ ዶንግዩዋን ነው። ቤተሰቡ ሀብታም ነበርና ሐኪም የመሆን ግድ አልነበረበትም። እናቱ ታመው ብዙ ሐኪም ቢጠራም፣ አንዱ ያለውን ሌላው እየሻረ፣ በሽታቸው ምን እንደሆነ እንኳ ሳይታወቅ ሞቱ። በዚህ ተቆጭቶ ጃንግ ዩዋንሱ ከተባለ ዕውቅ ሐኪም ዘንድ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ተማረ።

ዘመኑ ሞንጎሎች ሰሜን ቻይናን የሚገዛውን የጂን መንግሥት የሚያሳድዱበት ነበር። በ1214 የጂን ንጉሥ ዛሬ ቤይጂንግ የምትባለውን ዋና ከተማውን ትቶ ወደ ካይፌንግ ወረደ። ካይፌንግ በሄናን፣ በቢጫው ወንዝ አጠገብ ያለች ጥንታዊት ከተማ ናት። ስደተኛው ከየአቅጣጫው ተከትሎት ገባ፤ ሊ ጋኦም ከገቡት አንዱ ነበር። በ1232 የሱቡታይ ጦር ከተማዋን ከበበ። ተከላካዮቹ በባሩድ የሚፈነዳ የብረት ቦምብና እሳት የሚተፋ ጦር ይዘው ተዋጉ። በጸደዩ ከበባው ለጊዜው ላላ፤ ሕዝቡ እፎይ አለ።

ያን ጊዜ ነው ሞቱ የመጣው። ሊ ጋኦ እንደ ጻፈው፣ ከበባው ከተነሣ በኋላ በከተማዪቱ ያልታመመ ሰው ከዐሥር ሺሕ አንድና ሁለት አይገኝም ነበር። ካይፌንግ አሥራ ሁለት በሮች ነበሯት። በእያንዳንዱ በር በየቀኑ ሲበዛ ሁለት ሺሕ፣ ሲያንስ አንድ ሺሕ ሬሣ ይወጣ ነበር፤ ይህም ሦስት ወር ያህል ዘለቀ። አስሉት፤ በትንሹ ሲታሰብ እንኳ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል። የጂን መንግሥት ታሪክ የሚባለው ኦፊሴላዊ መዝገብም በሃምሳ ቀን ውስጥ ከዘጠኝ መቶ ሺሕ በላይ ሬሣ በበሮቹ እንደ ወጣና መቀበሪያ ያጡ ድሆች በዚህ ውስጥ እንዳልተቆጠሩ ይናገራል። ቁጥሩ ተጋንኗል ብለው የሚጠረጥሩ የታሪክ ሰዎች አሉ። ግማሹን ብንጥለው፣ ከዚያም ግማሹን ብንጥለው፣ የቀረው ራሱ ያስደነግጣል።

ሐኪሞቹ የለመዱትን አደረጉ። ትኩሳት አለ፣ ብርድ ብርድ ማለት አለ፣ ራስ ምታት አለ፤ ስለዚህ የብርድ ጉዳት ነው። አላቡ፣ አስቀመጡ። ሊ ጋኦ ግን ሌላ ነገር ጠየቀ፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ ባንድ ጊዜ ነፋስና ብርድ መታው ማለት ነው? ዶንግፒንግ፣ ታይዩዋንና ፌንግሺያንግም ቀደም ሲል ተከበው ሲፈቱ ሰው እንዲሁ ማለቁን አስታወሰ። ሰዎቹ በከበባው ወራት የበሉት በወጉ አልነበረም፤ ቀን ከሌት ለፍተዋል፣ ፈርተዋል፣ ሌሊቱን ቁጭ ብለው አድረዋል። ሆዳቸው ለረጅም ጊዜ ባዶ ከኖረ በኋላ ድንገት እስኪጠግቡ በሉ። በዚህ ላይ ሐኪሙ የቀረውን ጉልበት በላብና በተቅማጥ አወጣባቸው። እንደ ሊ ጋኦ አባባል በሽታው ከውስጥ የመጣ ጉዳት ነበር፤ ሐኪሞቹም ሞቱን አፋጠኑት።

መዳፍና የእጅ ጀርባ

ሊ ጋኦ ይህን ሐሳብ «የውስጥና የውጭ ጉዳትን ስለ መለየት» በተባለው መጽሐፉ ያሳወቀው ከከበባው አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1247 ነው። በ1249 ደግሞ «ስለ ጣፊያና ጨጓራ» የሚለው ዋና ሥራው ወጣ። ለዚህኛው መቅድም የጻፈለት፣ ከበባውን እንደሱ በካይፌንግ ውስጥ ያሳለፈው ታላቁ ባለቅኔ ዩዋን ሃዎዌን ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ጉልበቱ ተራ ሐኪም ሊጠቀምበት በሚችል መለያ ላይ ነው። የሕመምተኛውን እጅ ያዝ ይላል፤ የእጁ ጀርባ ከመዳፉ ይልቅ ከጋለ በሽታው ከውጭ ነው፤ መዳፉ ከጀርባው ይልቅ ከጋለ ከውስጥ ነው። ብርድ ብርድ የሚለው ሰው ልብስ ሲደርብ ከተሻለው ከውስጥ ነው፤ እሳት ዳር ተቀምጦም ካልለቀቀው ከውጭ ነው። ድምፁን ስማ፤ ከውጭ የታመመ ድምፁ ጎላ ያለ ነው፤ ከውስጥ የተጎዳ ለመናገር ይሰንፋል፣ ትንፋሹ አጭር ነው፣ ምግብ አይጥመውም።

ይህ የዛሬ ሐኪም የሚቀበለው የምርመራ ዘዴ ነው ማለቴ አይደለም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ እጅ መያዝ፣ ድምፅ መስማትና የምግብ ፍላጎት መጠየቅ በሽታን የመለያ መንገድ መሆናቸውን ነው። በዚህ ምርመራ ሕመምተኛው የሚታየው ከነታሪኩ ነው።

ለእነዚህ ሰዎች ሊ ጋኦ ያዘዘው «ቡ ጆንግ ዪ ቺ ታንግ» ይባላል፤ መካከሉን የሚጠግን፣ ቺን የሚጨምር ፍል እንደ ማለት ነው። «መካከሉ» ጣፊያና ጨጓራ ነው፤ በቻይናውያን ሐሳብ ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጡት እነዚህ ናቸው። ስምንት ዓይነት ነገር ይገባበታል፤ ከእነሱም መካከል አስትራጋለስ የሚባል ሥር፣ ጂንሰንግ፣ ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥርና የመንደሪን ልጣጭ ይገኛሉ። ትኩሳትን በቀዝቃዛ ሳይሆን በጣፋጭና ለብ ባለ መድኃኒት ማብረድ ለዘመኑ ድፍረት ነበር። ይህ ፍል ዛሬም አልጠፋም። በጃፓን «ሆቹኤኪቶ» በሚል ስም በፋብሪካ ተዘጋጅቶ፣ ሐኪም ሲያዝዘው የጤና መድን የሚከፍልለት መድኃኒት ነው።

ልክ ነበር ወይ?

በሊ ጋኦ ላይ የሚነሣ ከባድ ጥያቄ አለ። በካይፌንግ ሰው የጨረሰው ረሃብና ልፋት ብቻ ነበር? በ1642 ዉ ዮውሺንግ የተባለ ሐኪም፣ ወረርሽኝ የሚመጣው ከብርድ ሳይሆን በአፍና በአፍንጫ ከሚገባ ልዩ መርዛም አየር ነው ብሎ ጻፈ። በእኛ ዘመን ደግሞ በካይፌንግ የገባው ቸነፈር ሳይሆን አይቀርም የሚል መላ ምት ያቀረቡ የታሪክ ተመራማሪዎች አሉ። እንዲህ ከሆነ ሊ ጋኦ ተላላፊውን በሽታ ድካም ብሎ ጠራው ማለት ይሆን?

እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱ አይጣሉም። የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በ1977 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ረሃብ ጊዜ በየመጠለያው ብዙውን ሰው የፈጀው ራሱ ባዶ ሆድ ሳይሆን ባዶ ሆድ በሩን የከፈተለት ኩፍኝ፣ ተቅማጥና ተስቦ ነበር። ከረጅም ረሃብ በኋላ ድንገት ብዙ መብላት እንደሚገድልም ሕክምናው ጠንቅቆ ያወቀው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከእስር የተለቀቁ ሰዎች ሲሞቱ አይቶ ነው። ሊ ጋኦ ተሕዋስ አላየም፤ መሣሪያውም አልነበረውም። ያየው ተሕዋሱ የገባበትን ቤት ነው። የደከመን ሰው ይበልጥ ማድከም መድኃኒት አይደለም ያለው ግን እንደ ጸና ነው።

ድካም ሌላ ስም ሲያወጣ

በ1869 ጆርጅ ቢርድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም «ኒውራስቴኒያ»፣ የነርቭ ድካም፣ የሚል ስም አስተዋወቀ። ስሙ በጃፓን በኩል ቻይና ደርሶ «ሼንጂንግ ሹዋይሩዎ» ሆነ። ምዕራባውያን እየተዉት ሲሄዱ ቻይናውያን አጥብቀው ያዙት፤ ከቺ መጉደል ከድሮው ሐሳባቸው ጋር ተስማምቶላቸው ነበር።

በ1980 አርተር ክላይንማን የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት ወደ ሁናን የሕክምና ኮሌጅ ሄዶ የነርቭ ድካም አለባቸው የተባሉ መቶ ሕመምተኞችን መረመረ። ሰማንያ ሰባቱ በምዕራባውያን መለኪያ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ሕመምተኞቹ ራሴን ያመኛል፣ ይደክመኛል፣ እንቅልፍ የለኝም ይላሉ፤ አዝኛለሁ አይሉም። ክላይንማን ምክንያቱን በዘመናቸው ውስጥ ፈለገው። ሰዎቹ የባህል አብዮትን ያለፉ ናቸው። በዚያ ዘመን ተስፋ ቆርጫለሁ ማለት ፖለቲካዊ ተቃውሞ ሊመስል ይችላል፤ ደክሞኛል ማለት ግን አያስከስስም። መድኃኒቱ የብዙዎቹን ስሜት ቢያሻሽልም፣ የሥራና የቤት ችግራቸው እስካልተፈታ ድረስ ሕክምና መፈለጋቸውን አላቆሙም።

ነገሩ ዛሬም አላበቃም። በቻይና የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን መሥራት ተለምዶ ነበር፤ ሰባ ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። በ2021 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህ ሕገ ወጥ ነው አለ። በዚያው ዓመት ወጣቶች «ተጋድሞ መቅረት» የሚል መፈክር ይዘው ብቅ አሉ። ንጉሥ ሁዋንግዲ ቢሰማ ያንኑ ጥያቄውን በደገመው ነበር።

ለእኛስ?

በ1974 ቻይና ወደ ኢትዮጵያ የሐኪሞች ቡድን መላክ ጀመረች። ቡድኖቹን የሚልከው የሄናን ጠቅላይ ግዛት ነው፤ የጃንግ ጆንግጂንግ አገር፣ የካይፌንግ አገር። በአዲስ አበባ በጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ከእነዚህ ሐኪሞች የሠሩ አሉ፤ የመርፌ ሕክምናም ከሙያቸው አንዱ ነው። ለድካም ከሚወጉት ቦታዎች ዋነኛው ከጉልበት ሎሚ በታች አራት ጣት ያህል ወረድ ብሎ በውጭ በኩል የሚገኘው «ዙሳንሊ» ነው። ስሙ «የእግር ሦስት ሊ» ማለት ሲሆን፣ የደከመ መንገደኛ እዚያ ላይ ከተወጋ ሌላ ሦስት ሊ ይሄዳል ይባላል፤ ሊ የቻይናውያን የርቀት መለኪያ ነው።

ይሠራል ወይ ለሚለኝ አንባቢ ያነበብኩትን ልንገረው። የመርፌ ሕክምና በካንሰር ሕመምተኞች ድካም ላይ ተስፋ የሚሰጥ ውጤት ያሳየባቸው ጥናቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ትንንሽ ናቸው። ለዓመታት ለሚቆየው የድካም ሕመም የቻይና ዕፅዋት ይረዱ እንደሆነ ኮክሬን የተባለው የጥናት መርማሪ ድርጅት በ2009 ሲያጣራ መስፈርቱን ያሟላ አንድም ጥናት አላገኘም። «ዕፅ ነው፣ አይጎዳም» የሚለውም አያስኬድም። ሊኮሪስ ሲበዛ የደም ግፊት ይጨምራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ ለክብደት መቀነሻ የተሰጠ የቻይና ዕፅ ከመቶ በላይ ሴቶችን ኩላሊት አበላሽቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ባህላዊ ሕክምናን የሚመለከት ምዕራፍ ጨምሯል፤ መመዝገቡ ግን የፈዋሽነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ ራሱ ተናግሯል። የቢርድ የነርቭ ድካም ደግሞ ከዚያው መዝገብ ወጥቷል።

ስለዚህ የሊ ጋኦን ፍል ገዝታችሁ ጠጡ አልልም። ሳምንታት አልፎ ያልለቀቀ ድካም የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ስኳር፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ ወይም የመንፈስ ጭንቀት ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚለየው የደም ምርመራና ሐኪም ነው። ከቻይናውያኑ የምወስደው አጠያየቃቸውን ነው። በወጉ ትበላለህ? በስንት ሰዓት ትተኛለህ? ምን ያሳስብሃል? ከእጅህ ምን ገባ፣ ምን ወጣ? ድካምህ ከመቼ ወዲህ ነው፣ በዚያን ጊዜስ ምን ደረሰብህ? እነዚህን ለመጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ተቀምጦ መልሱን መስማት ግን ጊዜ ይፈልጋል። በካይፌንግ የነበሩት ሐኪሞች በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቃቸው ሕዝብ ብዙ ስለ ነበር ያን ጊዜ አላገኙም። እኛ ግን «ደከመኝ» የሚለን ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ያውም አጠገባችን የተቀመጠ።